ኤ ኤማችንን በኤፍ ኤም እናዳርሰው? ከዋቱ በፊት ተራራውን

ጥያቄው ከአንድ ወጣት ቴክኒሺያን ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ አካባቢ በመካከለኛ ሞገድ (በኤ ኤም) የምትሠራ ትንሽ የአካባቢ ሬዲዮ አለችን። ገጠሩ ቀን ቀን ይሰማናል። ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ባቲ ያሉ አድማጮች ግን ‹ጩኸት ብቻ ሆነብን› ይላሉ። ማታ ደግሞ የዐረብኛ ጣቢያ ይቀላቀልበታል። ወጣቱ በስልኩ ኤፍ ኤም እንጂ ሌላ አይሰማም። ውጭ አገር የኤ ኤም ጣቢያዎች በትንሽ የኤፍ ኤም ማሰራጫ ድምፃቸውን ያዳርሳሉ ሲባል ሰማሁ። እኛ ጋ ይሆናል? ከሆነስ ስንት ዋት እንግዛ?»

አብሽር፣ ይሆናል። የመጨረሻዋን ጥያቄህን ግን ለጊዜው ወደ ጎን እናድርጋት። «ስንት ዋት» ሰው ሁሉ የሚጀምርባት ጥያቄ ናት። እኔም በወጣትነቴ ከእሷ ነበር የምጀምረው። ወሎ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የቱ ተራራ ላይ?» ነው። ዋቱ ኋላ ይደርሳል። ብዙ ጊዜም ከገመትከው አንሶ ነው የሚገኘው።

በቅድሚያ ኤ ኤማችሁን ምን እንዳመመው እንወቅ። ሕመሙ አንድ ብቻ አይደለም።

ቀን ላይ መካከለኛ ሞገድ የሚሄደው መሬት ለመሬት ነው። ሞገዱ ረጅም ነው። ለምሳሌ በ801 ኪሎ ኸርዝ፣ የአማራ ሬዲዮ በሚሰማበት፣ አንዷ ሞገድ 374 ሜትር ገደማ ናት። እንዲህ ያለ ሞገድ ኮረብታ ብዙም አያስቸግረውም፤ ተጠማዞ ያልፋል። ገበሬው ከጋራ ጀርባ ማሳው ላይ ሆኖ የሚሰማችሁ ለዚህ ነው። የሚያደክመው መሬቱ ነው። ጨዋማ ውሃና እርጥብ ሜዳ ሞገዱን በደንብ ያሳልፉታል። ደረቅ ድንጋይ ግን ይመጠዋል። እኛ አገር ደግሞ ድንጋይ ሞልቷል። ስለዚህ ማሰራጫችሁ ጤነኛ ሆኖም ርቀቱ የሜዳ አገር ጣቢያ ያህል አይሆንም።

ሁለተኛው ሕመም ከተማ ውስጥ የተፈጠረ ነው። አንድ ቀን ሐይቅ ከተማ አንድ ሱቅ ገብቼ ሻይ ይዣለሁ። ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው። «ይቺ ሬዲዮ አርጅታለች፣ ልጥላት ነው» አሉኝ። ከፈትናት። ዝዝዝ ትላለች። ባትሪዋ አዲስ ነው። የተቀመጠችው ግን የስልክ ቻርጀር ከተሰካበት ሶኬት አጠገብ ነው። ቻርጀሩን ነቀልኩት። ዝዝታው ግማሽ ያህሉ ጠፋ። አምፖሉን እንዲያጠፉልኝ ለመንኳቸው፤ ኤል ኢ ዲ ነው። አጠፉት። ዜና አንባቢው ልክ ከጎናችን እንደቆመ ሆኖ መጣ። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩኝና «ታዲያ በጨለማ ልቀመጥልህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርካሽ ቻርጀርና አምፖል ውስጥ ያለችው ሰርኪዩት በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ኤሌክትሪኩን ታቋርጣለች፣ ትቀጥላለች። ከዚህ የሚወጣው ርዝራዥ ልክ መካከለኛ ሞገድ ላይ ያርፋል። ኤ ኤም ድምፅን የሚሸከመው የሞገዱን ጉልበት ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። ጩኸትም ጉልበት ነው። መቀበያው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። ኤፍ ኤም ግን ድምፁን የሚሸከመው በፍሪኩዌንሲው መወዛወዝ ነው። መቀበያው የጉልበቱን ከፍታና ዝቅታ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ጩኸቱም አብሮ ይሄዳል። ከተማ ውስጥ ኤፍ ኤም የሚያሸንፈው በዚህ ነው።

ሦስተኛው የማታው ነው። ቀን ላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይ የምትፈጥረው አንድ የአየር ንብርብር አለ። ወደ ሰማይ የሚወጣውን መካከለኛ ሞገድ ውጦ ያስቀረዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ንብርብሩ ይጠፋል። ያኔ ሞገዱ ወደ ላይኛው ንብርብር ይደርስና እንደ መስተዋት ተመልሶ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል። የእናንተው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ከቀይ ባሕር ማዶ ያለውም እናንተ ጋ ይመጣል። ዋት ብትጨምሩ ይሄ አይድንም። ጎረቤትህ ሲጮህ አንተም ብትጮህ ነገሩ ጩኸት ይጨምራል እንጂ አይደማመጥም።

ስለ ድምፁ ጥራትም አንዲት ነገር ልበልና ልለፍ። በእኛ ቀጣና የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ነው የሚደረደሩት። 801ንም 873ንም ለ9 ብታካፍል ቀሪ አይኖርም፣ ሞክረው። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ እስከ 4,500 ኸርዝ ገደማ ነው። ኤፍ ኤም እስከ 15,000 ያሳልፋል። ለዜና ብዙ ለውጥ የለውም። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ከዚሁ ከእኛው አገር አግኝተው፣ የማሲንቆውን ጭራ ፍትጊያ ግን ኤ ኤማችን ቆርጦ ያስቀረዋል። ይሄ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ሰማኸው ወሬ እንምጣ። እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለችውን ትንሽ ማሰራጫ ትራንስሌተር ይሏታል። አንድ ጣቢያ የሚያሰራጨውን ተቀብላ በሌላ ፍሪኩዌንሲ የምትደግም ማለት ነው። ድሮ የኤፍ ኤም ጣቢያን ብቻ ነበር የምትደግመው። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኤ ኤም ጣቢያዎችም እንዲጠቀሙባት ተፈቀደ። ብዙዎቹ ትናንሽ ጣቢያዎች እዚያ ማታ በሌሎች ላይ እንዳይገቡ ኃይል እንዲቀንሱ ወይም ጭራሹን እንዲዘጉ ይገደዳሉ። ትራንስሌተሯ ግን ሌሊቱን ሙሉ መሥራት ትችላለች። በ2015 ነገሩ ይበልጥ ተለቀቀላቸው። ከፍተኛው ጉልበት ከአንቴናው ሲወጣ 250 ዋት ነው። አዲስ አገር ለመያዝም አይደለችም። ኤ ኤሙ ቀን በደንብ ከሚሰማበት ክልል ወይም ከማሰራጫው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሁለቱ ከሰፊው መውጣት አትችልም። ጉድጓድ ትሞላለች እንጂ ድንበር አትገፋም።

ብራዚሎች ሌላ መንገድ ሄዱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በወጣ ድንጋጌ የኤ ኤም ጣቢያዎቻቸው ጠቅልለው ወደ ኤፍ ኤም እንዲዛወሩ ፈቀዱ። በትልልቅ ከተሞች ቦታ ስላልበቃቸው ከ88 ሜጋ ኸርዝ በታች ያለውን ድሮ የቴሌቪዥን የነበረ ክፍል ጭምር ከፈቱ።

ለወሎ የብራዚሉን አልመክርም። ኤ ኤማችሁን እንዳትዘጉ። ከሥራ አስኪያጃችሁ ጋር የምትጣላው በዚህ ላይ ይመስለኛል። «የመብራት ሒሳቡ በዛ፣ ኤፍ ኤም ካስገባን ይቅር» ማለታቸው አይቀርም። የደላንታ ወይም የለጋምቦ ገበሬ ጋ ግን በኤፍ ኤም ለመድረስ ስንት ተራራ ላይ ስንት ማሰራጫ እንደምትተክሉ አስሉላቸው። ኤ ኤሙ በአንድ ምሰሶ ይደርሰዋል። ዝዝታም የለበትም፤ አጠገቡ ቻርጀር የለማ! ኤ ኤሙ ለገጠሩ፣ ኤፍ ኤሙ ለከተማውና ለሸለቆው። እንዲህ ነው የሚታረቁት።

እንግዲህ ወደ ተራራው።

ኤፍ ኤም ሞገዱ አጭር ነው፤ ሦስት ሜትር ገደማ። እንደ ኤ ኤሙ ጋራ ላይ ተለጥፎ አይሄድም። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ገደል ካገኘው ይቀራል። ስለዚህ ዋናው ነገር አንቴናው ከአድማጩ ጋር መተያየቱ ነው። ባለሙያው የሚጠቀምባት ቀላል ስሌት አለች። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስደህ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ በ4.1 አባዛ። ለአድማጩም እንደዚያው አድርግ። ሁለቱን ደምር። የምታገኘው ርቀቱ በኪሎ ሜትር ነው።

ሜዳ ላይ 30 ሜትር ምሰሶ ብትተክል፣ አድማጩ ሬዲዮውን በደረቱ ከፍታ ይዞ፣ 27 ወይም 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚያገኘው። ያንኑ አንቴና ከሸለቆው 400 ሜትር ከፍ ያለ ጋራ ጫፍ ላይ በአጭር ቱቦ ብታቆመው 87 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዋቱን አልነካንም። ዋቱን እጥፍ ብታደርግ የምታገኘው ሦስት ዲቢ (ዴሲቤል፣ የጉልበት ልዩነት መለኪያ) ነው፤ አድማጩ ልዩነቱን ላያውቀው ይችላል። ገንዘብህን ለተራራ አውጣው የምልህ ለዚህ ነው።

ግን ሌላ ጣጣ አለ። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ናት። ጦሳ ላይ አንቴና ብትሰቅል ደሴ በእጅህ ናት። ኮምቦልቻ ግን ሐረጎን ወርደህ ሌላ ጎድጓዳ ውስጥ ናት። ሐይቅ ሌላ ነው። ባቲ ደግሞ ወደ ቆላው ተዳፋት ወርዶ ነው። አንድ ትልቅ ማሰራጫ ለሁሉም ብሎ መግዛት ገንዘብን ወደ አየር መርጨት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ፣ እያንዳንዷ የራሷን ጎድጓዳ ከላይ የምታይ፣ ይሻላሉ። ኮምቦልቻን ለብቻ አስባት፤ በሬዲዮም ቢሆን የደሴ ሰፈር አይደለችም።

ቦታ ስትመርጥ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የመልክዓ ምድር ካርታ ጥሩ ነው። ከእሱ የማይተናነስ የድሮ ዘዴም አለ። ማታ ጋራው ላይ ውጣ። ጋቢ ይዘህ ውጣ፣ በተለይ ወደ ጉጉፍቱ መንገድ ከሆነ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ቁልቁል ተመልከት። የከተማው መብራት የሚታይህ ሰፈር ሬዲዮህን ይሰማል። ያልታየህ ሰፈር ይጠራጠራል። እኔ ብዙ ቦታ እንዲህ ነው የመረጥኩት፤ ካርታው ኋላ አረጋገጠልኝ እንጂ አልቀደመኝም።

ቦታው ሲገኝ የሚቀጥለው ጥያቄ ድምፁ እዚያ እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። ብዙ ሰው «ቀላል ነው፣ የኤ ኤም መቀበያ ጋራው ላይ እናስቀምጥና እሱን ይድገም» ይላል። ይሠራል። ግን ማታ ያ የዐረብኛ ጣቢያ በኤፍ ኤም ጥራት ይሰማላችኋል! የቆሸሸ ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ ማቅረብ ነው።

የተሻለው ከስቱዲዮ ወደ ተራራ ቀጥታ የሬዲዮ ሊንክ ነው። ሁለቱ መተያየት አለባቸው፤ የራሱ ፍሪኩዌንሲና የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል። ሁለተኛው በኢንተርኔት መላክ ነው። ሞኖ (ባለ አንድ መስመር) ድምፅ በ64 ኪሎ ቢት በሰከንድ በዘመናዊ ኮዴክ (ድምፁን አሳንሶ በሚጭን) ብትልከው በጣም ጥሩ ይሰማል። ሒሳቡም ይታወቃል፦ 24 ሰዓት ሙሉ ብታሰራጩ በቀን 690 ሜጋ ባይት፣ በወር 21 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። የሞባይል ኔትወርክ ጋራው ላይ ካለ ርካሹ መንገድ ይሄ ነው። ድምፁ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል፤ የሰዓት ምልክት ስታሰሙ ኤ ኤሙ ይቀድማል፣ ኤፍ ኤሙ ይከተላል። ችግር የለውም።

ችግሩ ኔትወርክ የሄደ ቀን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ስልክ ምን ያህል እንደጠፋ አንተም ታውቀዋለህ። ሰው ሬዲዮ በጣም የሚፈልገው ደግሞ እንዲህ ባለው ቀን ነው። ስለዚህ ያቺን የናቅኳትን የኤ ኤም መቀበያ አትጣሏት። ጋራው ላይ በተጠንቀቅ ትቀመጥ። ዝምታ ለይታ የምትቀይር ትንሽ መሣሪያ አለች። ኢንተርኔቱ ለምሳሌ 20 ሰከንድ ዝም ካለ ወደ ኤ ኤሙ ታዞረዋለች። ዝዝ ያለ ዜና ከዝምታ ይሻላል።

አንዲት ነገር አደራ። ለኤፍ ኤሙ የምትልኩትን ድምፅ ከኤ ኤሙ ድምፅ ማስተካከያ (ፕሮሰሰር) በኋላ እንዳትወስዱ። እሱ ከፍተኛውን ድምፅ ቆርጦታል፤ ማሲንቆውም እዚያው ቀርቷል። ከሚክሰሩ በቀጥታ ውሰዱ።

ፍሪኩዌንሲ የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም፤ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው የሚሰጣችሁ። ስትጠይቁ ግን አስባችሁ ጠይቁ። ደሴ ላይ 87.9 አለ። እንግዲህ 98.6ን ከመጠየቅ ተቆጠቡ። ለምን? ተራ ሬዲዮ መቀበያ ውስጡ የራሱን ትንሽ ሞገድ ያመነጫል፤ ብዙ ጊዜ ከሚሰማው ጣቢያ በ10.7 ሜጋ ኸርዝ ከፍ ብሎ ነው። 87.9 ላይ 10.7 ደምር። 98.6 ይመጣል። ጎረቤት ቤት 87.9 ከተከፈተ የእናንተ ደካማ ሲግናል እዚህ ቤት ሊታወክ ይችላል። ሰው ደግሞ «ጣቢያው ተበላሽቷል» ይላል እንጂ ጎረቤቱን አይጠረጥርም።

ሌላው አውሮፕላን ነው። ኮምቦልቻ ኤርፖርት አለ። ከ108 ሜጋ ኸርዝ ጀምሮ ወደ ላይ ያለው የአውሮፕላን መንገድ መሪዎችና የአብራሪዎች መነጋገሪያ ነው። ሁለት ኤፍ ኤም አንድ ጋራ ላይ ሲቀራረቡ አንዱ በሌላው ማሰራጫ ውስጥ እየገባ ያልታሰበ ሦስተኛ ሞገድ ይወልዳሉ። 107.5 እና 104.1 ጎን ለጎን ቢሠሩ፣ ሁለት ጊዜ 107.5 ሲቀነስ 104.1፣ 110.9 ይወጣል። አውሮፕላን ለማረፍ የሚከተለው ሲግናል ያለበት ክፍል ነው። ስለዚህ ከማሰራጫው በኋላ ጥሩ የካቪቲ ፊልተር (የራሳችሁን ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ይኑር። እሷን «ቅንጦት ናት» ብሎ የሚያስቀር ሻጭ ካጋጠማችሁ ሻጩን አስቀሩት።

አሁን ስለ ሞኖ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ፤ ብዙ ብር የሚያድነው ይሄ ነው። ለኤፍ ኤም ዕቅድ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት መለኪያ አለ። ገጠር ውስጥ ሞኖ በደህና እንዲሰማ 48 ዲቢ የሞገድ ጥንካሬ ይበቃል። ስቴሪዮ ከሆነ 54 ያስፈልጋል። የስድስት ዲቢ ልዩነት ማለት አራት እጥፍ ዋት ነው። 100 ዋት በሞኖ የሚያደርሰውን በስቴሪዮ ለማድረስ 400 ዋት መግዛት አለባችሁ ማለት ነው። የእናንተ ኤ ኤም እንደሆነ ሞኖ ነው። የፕሮግራማችሁም አብዛኛው ንግግር ነው። ገበያተኛው አንድ ስፒከር ባላት ሬዲዮ ነው የሚሰማችሁ። የስቴሪዮውን ማብሪያ አጥፉት። «ስቴሪዮ የምትል ቀይ መብራት ስትበራ ያምራል» የሚል ጋዜጠኛ አይጠፋም፤ ታገሱት።

ዕቃው ሲመጣም አንድ ቦታ ክፈቱና እዩ። ፕሪኤምፋሲስ የሚባል ማስተካከያ አለ፤ ቀጭን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይልክና መቀበያው መልሶ ያወርደዋል። በእኛ አካባቢ 50 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ለአሜሪካ የተሠራ ዕቃ 75 ላይ ይመጣል። ሳይቀየር ከተከፈተ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይበሳሉ። ሰውም አንባቢዋን ይወቅሳል።

ስለ ኬብል ከራሴ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት አንድ ጣቢያ፣ ስሙ ይቆየን፣ ጋራ ላይ ትንሽ ማሰራጫ ተከልን። በጋውን እንደ ሰዓት ሠራች። ሐምሌ ገባ። አድማጮች «ደከመ» አሉ። ማሰራጫዋን ነው የጠረጠርነው። ሁለት ሰዓት በእግር ጭቃ እየረገጥን ወጣን። ፈታን፣ ገጠምን፣ ምንም የለም። ደግመን ወረድን፣ ደግመን ወጣን። በሦስተኛው ምሰሶው ላይ ወጥቼ የአንቴናውን ኮኔክተር ፈታሁት። ውሃ በእጄ ላይ ፈሰሰ። በራሴ እጅ በተራ የኤሌክትሪክ ፕላስተር የጠቀለልኩት ነበር። ፀሐይ አድርቆት ተላጦ፣ ዝናቡ በኬብሉ ውስጥ ወርዷል። ማሰራጫዋ የሚመለስባትን ጉልበት ስታይ እንዳትቃጠል ብላ ራሷን ዝቅ አድርጋ ነበር። ጥፋቱ የእኔ፣ ብልሃቱ የእሷ። ከዚያ ወዲህ ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ከታች፣ ፕላስተር ከላይ፣ ኬብሉም ከመግባቱ በፊት ውሃ የሚንጠባጠብበት ጎንበስ ያለ ቀለበት። ይሄን ሳላይ ከጋራ አልወርድም።

የኬብሉ ዓይነትም ዋት ይበላል። ቀጭኗን አርጂ 58 ሠላሳ ሜትር ብትዘረጋ ከ100 ዋት ውስጥ አንቴናው ጋ የሚደርሰው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው። በወፍራሟ አርጂ 213 ከ60 ዋት በላይ ይደርሳል። በግማሽ ኢንቹ ጠንካራ ኬብል 85 ገደማ። የቀረው ኬብሉን ያሞቃል። ጋራ ላይ ሙቀት ደስ ይላል፣ ግን እንዲህ አይደለም። ጋራ ላይ ከሆንክ ደግሞ ረጅም ምሰሶ አያስፈልግህም፤ ጋራው ራሱ ምሰሶ ነው። ኬብሉን አሳጥረው።

አንቴናው ቀጥ ብሎ የቆመ ዳይፖል (ባለ ሁለት ዘንግ ቀላል አንቴና) ይሁን። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለ801 ኪሎ ኸርዝ ሩብ ሞገድ ምሰሶ 94 ሜትር እንደሚፈልግ አስበውና እግዜሩን አመስግን። የመኪና አንቴናም ቀጥ ብሎ ነው የቆመው፤ የስልክ አንቴና ደግሞ ወደ ታች የተንጠለጠለው የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ነው። የአንተንም እንደነሱ አቁመው።

መብራት ጋራው ላይ ከሌለ ሶላር ይበቃል። 100 ዋት የሚያወጣ ማሰራጫ ከሊንኩና ከማቀዝቀዣው ጋር 250 ዋት ያህል ይወስዳል። በቀን 16 ሰዓት ብትሠሩ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በበጋ 1,100 ዋት ፓኔል ያስኬደዋል። ክረምቱን አስበህ ግን ወደ 2,000 ጠጋ በል። ባትሪው ፀሐይ ሳያይ አንድ ቀን ተኩል እንዲያቆይ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት፤ ሊቲየም ከሆነ። የአሲድ ባትሪ ከሆነ እጥፉን ግዛ፤ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል። መብረቁንም አትርሳ። ድንጋይ ላይ ኧርዝ (መብረቁን ወደ መሬት የሚያስገባ መስመር) ማግኘት ጭንቅ ነው። አንድ ዘንግ ቀብሮ መሄድ አይበቃም፤ ረጅም የመዳብ ሽቦ በየአቅጣጫው አፈር ያለበትን እየተከተልክ ቅበር። የአካባቢውን ሰው ከመጀመሪያው አማክር፤ ጥበቃም ከእነሱ ቅጠር። ፓኔል ያለ ባለቤት አያድርም።

ፈቃዱን በመጨረሻ ያመጣሁት ትንሽ ነገር ስለሆነ አይደለም። ያለ ፈቃድ አንድ ዋትም አትክፈቱ። የኤ ኤም ፈቃድ ስላላችሁ ኤፍ ኤሙ አብሮ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ፈቃዱና ፍሪኩዌንሲው የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው፤ የሚሠራበትም ሕግ አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። የቦታውን ኮኦርዲኔት፣ ከፍታውን፣ ዋቱን፣ የአንቴናውን ዓይነትና ለማዳረስ ያሰባችሁትን አካባቢ ይዛችሁ ቅረቡ። «ለኤ ኤማችን ክፍተት መሙያ ነው፣ አዲስ ጣቢያ አይደለም» የሚለውን ከላይ ጻፉት። ማሰራጫውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ዕቃ ገዝቶ ፈቃድ የሚጠብቅ ጣቢያ አይቻለሁ፤ ካርቶኑ ላይ አቧራ ተኝቶበት።

እስከዚያው አንተ የምትሠራው አለ። ደብተርና አንዲት ተራ የእጅ ሬዲዮ ያዝ፤ ውዱን መለኪያ አይደለም፣ ሰው የሚገዛውን። ሚኒባስ ተሳፈርና ከደሴ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ውረድ። በየአምስት ደቂቃው ጣቢያችሁን ስማና ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጥ፤ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፍ። ያንኑ መንገድ ማታ ድገመው። ወደ ሐይቅም እንደዚያው። ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው፤ ሂድና ሬዲዮ የያዘውን ሁሉ ጠይቅ፤ ከየት መንደር እንደመጣ፣ ቤቱ ምን እንደሚሰማ። ስልካቸው ላይ ኤፍ ኤም ያለውን ቁጠር። ያን ደብተር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ከዚያ ማታ የወጣህበትን ጋራ ስም ጨምርበት። ስለ ዋቱ ያኔ እንነጋገራለን።